ቤይ፣ ባሻ፣ ካዎ፦ የስምና የማዕረግ ጉዞ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይጠፋል)

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ ስምና ስለ ማዕረግ ነው። መነሻችን ቱርክ ናት፤ መድረሻችን ግን እዚሁ ወላይታ፣ ዳሞታ ተራራ ሥር ነው።

ቱርክን ለምን መነሻ አደረጋችሁ ካላችሁን፣ ምክንያቱ ቴሌቪዥን ነው። ቃና ቴሌቪዥን የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ ማቅረብ ከጀመረ ወዲህ የኢስታንቡል ስሞች በየሳሎናችን ገብተዋል። ድራማውን የሚከታተል ሰው ከወንዱ ስም ቀጥሎ «ቤይ»፣ ከሴቷ ስም ቀጥሎ «ሃኒም» ሲባል ይሰማል። ብዙው ሰው የአባት ስም ይመስለዋል። የአባት ስም አይደለም። የዛሬው ቤይ የእኛ «አቶ» ነው፤ ሃኒም ደግሞ «ወይዘሮ»።

የዛሬው ያልኩት በምክንያት ነው። ቤይ ድሮ ግዛትና ጦር ያለው ጌታ የሚጠራበት ማዕረግ ነበር። የኦቶማን ሥርወ መንግሥት መሥራች ኦስማን ራሱ ኦስማን ቤይ ነበር የሚባለው። ሃኒምም «ሃን» ከሚለው የገዢዎች ማዕረግ የወጣ ነው። ዛሬ ግን ባለሱቁም ቤይ ነው፣ የባንክ ሠራተኛውም ቤይ ነው።

ይህ እኛ ዘንድ እንግዳ ነገር አይደለም። «አቶ» ከ«አቤቶ» አጥሮ የመጣ ቃል ነው፤ አቤቶ ደግሞ የመሳፍንትና የነገሥታት ልጆች መጠሪያ ነበር። «ወይዘሮ»ም በመጀመሪያ የንጉሥ ዘር ላላት ሴት ብቻ የሚሰጥ ክብር ነበር። አሁን በቀበሌ መታወቂያ ላይ ሁላችንም አቶና ወይዘሮ ነን። ማዕረግ በዘመን ውስጥ ሲጓዝ ይረክሳል፤ ንጉሥ የተጠራበት በኋላ ጎረቤት ይጠራበታል። እኔ በበኩሌ ይህን እንደ ውድቀት አላየውም።

አሁን ወደ ቱርኮቹ የቤተሰብ ስም እንለፍ። ቱርኮች እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በአብዛኛው የቤተሰብ ስም አልነበራቸውም። አንድ ሜህሜት ከሌላው ሜህሜት የሚለየው በአባቱ ስም፣ በሙያው፣ በመጣበት አገር፣ በማዕረጉ ወይም በቅጽል ስሙ ነበር። ሪፐብሊኩ ሲቋቋም ይህ ለግብር ሰብሳቢውም ለወታደር መልማዩም አስቸጋሪ ሆነ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሰኔ 1934 የቤተሰብ ስም ሕግ ወጣ፤ በጥር 1935 ሥራ ላይ ዋለ። እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ስም መርጦ ማስመዝገብ ነበረበት። ለሙስጠፋ ከማል ፓርላማው ራሱ በኅዳር ወር 1934 «አታቱርክ» የሚል ስም ሰጠው፤ «የቱርኮች አባት» እንደ ማለት ነው። ይህ የሆነው እኛ ዘንድ የወልወል ግጭት በተነሣበት ሰሞን ነው። አታቱርክ ስሙን ካገኘ ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ሌላ ሕግ ወጣ፤ ፓሻ፣ ቤይ፣ ኤፈንዲ፣ ሃኒም የሚባሉ ማዕረጎች ሁሉ ተሻሩ። ሕጉ ሻራቸው እንጂ አፍ አልሻራቸውም፤ ይኸው ከዘጠና ዓመት በኋላ በድራማ ውስጥ እንሰማቸዋለን።

ቤተሰቦቹ ምን ምን መረጡ? አንዳንዱ የአያቱን ሙያ ያዘ፤ ደሚርጂ ብረት ቀጥቃጭ ነው፣ ቴርዚ ልብስ ሰፊ፣ ቾባን እረኛ። አንዳንዱ የመጣበትን አገር አስመዘገበ፤ ኮንያሊ የኮንያ ሰው ማለት ነው። አንዳንዱ ደግሞ በስሙ መጨረሻ ላይ «ኦግሉ» አደረገ፤ የእገሌ ልጅ ለማለት ነው። በእግር ኳስ የምናውቀው ሃካን ቻልሃኖግሉ ከእነዚህ አንዱ ነው። የአታቱርክ የቅርብ ጓድ የነበረው ኢስሜት ጦርነት ባሸነፈበት ቦታ ስም ኢኖኑ ተባለ። የፕሬዚዳንቱ ስም ኤርዶዋን «ኤር» እና «ዶዋን» ከሚሉ ሁለት ቃላት የተገጠመ ነው፤ ወንድ፣ ጀግና የሚለውና ጭልፊት የሚባለው አሞራ።

የቤተሰብ ስም ሕጉ ሦስተኛ አንቀጽ ከሁሉ ይልቅ የእኛን ጉዳይ ይነካል። የጦር ማዕረግን፣ የሹመት ስምን፣ የጎሳ ስምንና የባዕድ ዘር ስምን የቤተሰብ ስም ማድረግ ከለከለ። እንደዚያም ሆኖ ማዕረግ በጓሮ በር ገብቷል። የቀድሞው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ቻቩሾግሉ ስማቸው ሲፈታ «የቻቩሽ ልጅ» ነው፤ ቻቩሽ ደግሞ የኦቶማን የጦርና የቤተ መንግሥት ማዕረግ ነበር፣ ዛሬ በቱርክ ጦር ውስጥ ሳጅን ማለት ነው። ጎሳው ግን እንዲህ በቀላሉ አላለፈም። በ1928 በወጣው የፊደል ሕግ የላቲኖቹ ኪው፣ ደብልዩና ኤክስ ከቱርክ ፊደል ውጭ ስለሆኑ፣ ኩርዶች እነዚህ ፊደላት ያሉባቸውን ስሞች በመታወቂያ ላይ ማጻፍ አይችሉም ነበር። ክልከላው የላላው በአውሮፓውያኑ 2013 ነው። ይህችን የኤክስ ነገር ያዙልኝ፤ ወላይታ ስንደርስ እንፈልጋታለን።

(አጭር ሙዚቃ)

የቱርክ ማዕረግ ኢትዮጵያ የገባው በድራማ አይደለም። በ16ኛው መቶ ዘመን በጠብመንጃ ነው የገባው። ኢማም አሕመድ ከኦቶማኖች ጠብመንጃ ያዥ ወታደሮች አግኝቶ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1557 ደግሞ ኦዝደሚር ፓሻ ምጽዋን ያዘ፤ ኦቶማኖች የቀይ ባሕር ዳርቻ ግዛታቸውን «የሐበሻ ግዛት» ብለው ሰየሙት። ከዚህ ሁሉ ግንኙነት በእኛ ቋንቋ የቀረው «ባሻ» የሚለው ማዕረግ ነው። በጎንደር ነገሥታት ዘመን «ቱርክ ባሻ» የሚባል ሹመት ነበር፤ የጠብመንጃ ያዦች አለቃ ማለት ነው። ምሁራን ቃሉ የመጣው ከ«ፓሻ» ነው፣ ወይም ራስ፣ አለቃ ከሚለው «ባሽ» ነው ይላሉ። ዐረብኛ «ፐ» የሚል ድምፅ ስለሌለው ፓሻን ባሻ ብሎ ነው የሚጠራው፤ ስለዚህ ሁለቱም መንገድ ያስኬዳል። የሹመቱን ሥራ ሳየው ግን እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ ባሻ የአንድ ክፍል አለቃ እንጂ የአገር ገዢ አልነበረምና። የእኛም «ራስ» የተወለደው ከዚሁ ሐሳብ ነው፤ ቱርኩም ሐበሻውም አለቃውን በጭንቅላት ነው የሰየመው።

ልዩነቱን ተመልከቱ። በኢስታንቡል ፓሻ ከከፍተኛዎቹ ሹማምንት አንዱ ነበር። እኛ ዘንድ ባሻ ከባላምባራስና ከግራዝማች በታች የሚገኝ ትንሽ ማዕረግ ሆነ። በዐድዋ ጦርነት የጣሊያንን ጦር መረጃ ያሳሳተው ሰላይ ባሻይ አውዓሎም ነበር። አዲስ አበባም የፍርድ ቦታ በነበረው «ባሻ ወልዴ ችሎት» ስሙ እስከ ዛሬ ይጠራል። በኋላም ጣሊያኖች ለቅኝ ወታደሮቻቸው «ቡሉቅባሽ» የሚል ማዕረግ ሲሰጡ ቃሉ ያው የቱርክ ነበር፤ የክፍል አለቃ ማለት ነው። ስለዚህ በአምስቱ ዓመት የወረራ ዘመን የጣሊያን ጦር የደረሰበት የአገራችን ሰው ሁሉ፣ የወላይታም ጭምር፣ ቱርክን ሳያይ የቱርክ ማዕረግ ሰምቷል።

ሌሎቹ የሰሜን ማዕረጎች ትርጉማቸው ግልጽ ነው፤ ደጃዝማች የደጅ አዝማች፣ ፊታውራሪ የፊት ጦር መሪ፣ ቀኛዝማችና ግራዝማች የቀኝና የግራ ጦር አዛዦች፣ ነጋድራስ የነጋዴዎች አለቃ። እነዚህ ወደ ወላይታ የመጡት በእኛ አቆጣጠር በ1887 ከምኒልክ ጦር ጋር ነው። ከዚያ በፊት ወላይታ የራሱ ማዕረግ ነበረው።

ከሁሉ በላይ የሚቀመጠው ካዎ ነው፤ ንጉሥ ማለት ነው። ቃሉ በጋሞ፣ በጎፋና በዳውሮም ይታወቃል። ከነገሥታቱ አንዱን አማርኛ አንባቢ ከወላይታ ታሪክ በፊት በሌላ በር ያውቀዋል፤ በገድለ ተክለ ሃይማኖት ውስጥ የዳሞት ንጉሥ ሆኖ የሚመጣው ሞተለሚ ነው። በገድሉ ውስጥ ሞተለሚ በመጨረሻ የሚያምን አረመኔ ንጉሥ ነው። በወላይታ ትውፊት ግን ካዎ ሞቶሎሚ የወላይታ ማላ ሥርወ መንግሥት መሥራች ነው። አንድ ሰው፣ ሁለት ተራኪ።

ቀጥሎ የመጣው ሥርወ መንግሥት ስሙ ትግሬ ነው። ትውፊቱ መሥራቹን ሚካኤል ይለዋል፣ ከትግራይ መጣ ይላል። በወላይታ ምድር ትግሬ የሚባል ጎሳ መኖሩ ለእንግዳ ሰው ግር ይለዋል። የቱርኩን ኮንያሊ ያስታወሰ ግን ነገሩ አይገርመውም፤ የመጡበት አገር ስም ሆኖ ቀረ። ከዚህ ሥርወ መንግሥት ኦጋቶ፣ አማዶ፣ ዳሞታ፣ ጎቤ፣ ጋጋና ጦና ይጠቀሳሉ። የመጨረሻው ካዎ ጦና ጋጋ በ1887 ከምኒልክ ጦር ጋር ብርቱ ጦርነት ካደረገ በኋላ ቆስሎ ተማረከ፤ ወደ አዲስ አበባም ተወሰደ። «ካዎ ጦና ጋጋ» የሚለውን አጠራር ልብ በሉት፤ ማዕረግ፣ ስም፣ የአባት ስም። ከልጅ ስም ቀጥሎ የአባት ስም መምጣቱ ከሰሜን የመጣ ብቻ አይደለም።

ከካዎ በታች ዳና አለ። ዳና ዳኛ ነው፣ ሹምም ነው። የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ምእመናን ከመጀመሪያዎቹ የወላይታ አማኞች አንዱ የሆኑትን ዳና ማጃን ያስታውሳሉ፤ ዳና እዚህ ላይ ማዕረግ እንጂ ስም አይደለም። በኋላ ግን ማዕረጉ ስም እየሆነ ሄደ፤ ልጁን ዳና ብሎ የሚሰይም አባት አለ። ባሻም፣ ሻምበልም እንዲሁ የልጅ ስም ሆነዋል። ሦስተኛው ቃል ጎዳ ነው፤ ጌታ ማለት ነው።

ካዎና ጎዳ የተጓዙበት መንገድ ከቤይና ከአቶ መንገድ ይለያል። እነዚያ ወደ ታች ወረዱ፤ እነዚህ ወደ ላይ ወጡ። ካዎ የሚባል ሰው በወላይታ ዙፋን ላይ ከታየ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗል፤ ማዕረጉን ለጎረቤት የሚሰጥ ሰው ግን የለም። «ካዎቴታ» መንግሥት ማለት ነው። በወላይትኛ መጽሐፍ ቅዱስ የእግዚአብሔር መንግሥት «ጦሳ ካዎቴታ» ነው፤ ምእመን በጸሎት «ታ ጎዳው» ሲል ጌታዬ ሆይ ማለቱ ነው። ማዕረጉ ባለቤት ሲያጣ ወደ ሰማይ ሄደ እንበል? እኔ እንዲህ ይመስለኛል፤ የተሸነፈ መንግሥት ማዕረግ አይረክስም፣ ምክንያቱም የሚያባክነው ሹመኛ የለም።

የሰሜኖቹ ማዕረጎች ደግሞ እስከ አብዮቱ ቆዩ። ከወላይታ ተወላጆችም መካከል ባላባት የተባሉ፣ ጭቃ ሹምነት የያዙ፣ ከፍ ሲልም ግራዝማችና ፊታውራሪ የተባሉ ነበሩ። ደርግ በመጋቢት 1967 ዘውዱን ሲሽር የንጉሣዊ ማዕረጎቹንም ሻረ፤ በቦታቸው «ጓድ» መጣ። ጓድ ዕድሜው አጭር ሆነ። በዚያው ዘመን አንድ ሌላ ስምም ተለወጠ፤ ሕዝቡ የማይወደው «ወላሞ» የሚለው የመንግሥት አጠራር ቀርቶ «ወላይታ» ተባለ። ይህ ከማዕረጎቹ መሻር ይልቅ እዚህ ለሚኖረው ሰው የሚበልጥ ነገር ነበር።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ እናንተ ስም እንምጣ። ቱርኩ በቤተሰብ ስሙ የሚይዘውን ዘር፣ አገርና ሙያ የወላይታ ሰው የት ነው የሚያስቀምጠው? መልሱ ቆሞ ነው። ቆሞ ጎሳ ነው፤ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። በወላይታ ከመቶ በላይ ቆሞዎች አሉ፤ እነሱም ማላና ዶጋላ በሚባሉ ሁለት ትልልቅ ወገኖች ይመደባሉ። ቆሞ በመታወቂያ ላይ አይጻፍም፤ በፓስፖርት ላይም የለም። ሥራው ግን ትልቅ ነው። የአንድ ቆሞ ልጆች አይጋቡም። ስለዚህ ሽማግሌ ለጋብቻ ሲላክ ከልጁ ሀብት በፊት የሚጠየቀው ቆሞው ነው። ሴት ልጅም ስታገባ የአባቷን ስም ይዛ ትቀጥላለች እንጂ በባሏ ስም አትጠራም።

የሙያው ነገር ግን የሚያኮራ አይደለም። በቱርክ የብረት ቀጥቃጭ ዘር ደሚርጂ ተብሎ ስሙን በበሩ ላይ ይለጥፋል። እኛ ዘንድ ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩና ቆዳ ፋቂው ለዘመናት ተንቀው ኖረዋል፤ ከሌላው ጋር አይጋቡም፣ አብረው አይበሉም ነበር። «ጭናሻ» የሸክላ ሠሪዎች መጠሪያ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን በስድብነት ነው የሚሰማው። በሠሩት ጀበናና ድስት እየበላንና እየጠጣን ስማቸውን ስድብ ማድረጋችን አሳፋሪ ነው፤ ሌላ ቃል የለኝም።

የአባትና የአያት ስም ደግሞ ሌላ ታሪክ ይዟል። የቀድሞውን ጠቅላይ ሚኒስትር ስም እስከ አያት ድረስ ጥሩት፤ ኃይለማርያም ደሳለኝ ቦሼ። የቀድሞውን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤም እንዲሁ፤ ተሾመ ቶጋ ጫናካ። ከፊት ያለው ስም ግዕዝ ወይም አማርኛ ነው፤ ወደ ኋላ በሄድን ቁጥር የወላይታው ስም ይመጣል። በዞኑ ውስጥ የብዙ ጎልማሶች ስም እንዲህ ነው። ቤተ ክርስቲያን፣ ትምህርት ቤትና የመንግሥት ሥራ በአማርኛ ስለነበሩ ወላጅ ለልጁ የሚያስኬድ ስም ፈለገ። ተሾመ የሚለው ስም ራሱ የሹመት ምኞት ነው። አሁን ደግሞ ነገሩ በከፊል እየተመለሰ ነው፤ ሳሮ ሰላም፣ ጋላታ ምስጋና፣ ኡፋይሳ ደስታ ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ወጣት ወላጅ ከእነዚህ ቃላት ለልጁ ስም ይመርጣል። ስለዚህ ወደፊት አባቱ የአማርኛ ስም፣ ልጁና ቅድመ አያቱ የወላይታ ስም ያላቸው ቤተሰቦች ይበዛሉ።

እኛም እንደ ቱርኮቹ የቤተሰብ ስም ሕግ እንዳለን ታውቁ ኖሯል? በፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ የተረቀቀው የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 32 ማንኛውም ሰው የቤተዘመድ ስም፣ የራሱ ስምና የአባት ስም እንዲኖረው ይደነግጋል። ሕጉ በወረቀት ላይ አለ፤ ሕዝቡ ግን ቤተዘመድ ስም ሳያወጣ ይኸው ኖረ። ቱርክ ውስጥ መዝጋቢ በየመንደሩ ሄዶ ስም አስመረጠ፤ እዚህ ማንም አልጠየቀም። እኔ በዚህ አልቆጭም። ስማችን በየትውልዱ ስለሚለወጥ ሰው በአባቱ ዝና ብቻ አይኖርም፤ ግፋ ቢል እስከ አያቱ ነው የሚደርሰው።

ችግሩ የሚመጣው ከአገር ሲወጣ ነው። የውጭ አገር ቅጽ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ የእኛ ሰው የአያቱን ስም ይሞላል። ልጁ ደግሞ አያቱ ሌላ ሰው ስለሆነ ሌላ ስም ይሞላል። ሚስትም በራሷ አያት ትጠራለች። አንድ ቤተሰብ በሦስት የተለያየ «የቤተሰብ ስም» ተመዝግቦ ዝምድናችሁን አስረዱ ይባላል። ልጆቻችሁ ወደ ደቡብ አፍሪካም ይሁን ወደ ሌላ አገር በሕጋዊ መንገድ የሚሄዱ ከሆነ፣ የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀታቸው ላይ ስማቸው ከፓስፖርቱ ጋር በፊደል አንድ መሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

የፊደሉን ነገር ካነሣን፣ ያቺን ኤክስ እናምጣት። ወላይትኛ አሁን በትምህርት ቤት በላቲን ፊደል ይጻፋል። በዚህ አጻጻፍ «ጥ» የሚለው ድምፅ በኤክስ ነው የሚወከለው፤ ስለዚህ የካዎ ጦና ስም በኤክስ ይጀምራል። እንግሊዝኛ የሚጽፈው ግን በቲ ነው። አንድ ሰው በግዕዝ ፊደል፣ በወላይትኛ ላቲንና በእንግሊዝኛ ሦስት ዓይነት ስም ይኖረዋል ማለት ነው። ይባስ ብሎ ጉሮሮ ላይ ቆም የሚለው ድምፅ በቁጥር 7 ይጻፋል፤ ጥሩ የሚለውን «ሎዖ» ስንጽፍ መካከሉ ላይ ሁለት ሰባት እናደርጋለን። ለመማሪያ መጽሐፍ ችግር የለውም፤ ፓስፖርት ላይ ግን ስም ውስጥ ቁጥር አይገባም። በቱርክ ኤክስን ሕግ ከለከለው፤ እኛን የሚያስቸግረን የሚያስማማ ደንብ ማጣት ነው።

አድማጮቻችን፣ ለዛሬ ያዘጋጀነው እዚህ ላይ ያበቃል። አንድ የቤት ሥራ ግን እንሰጣችኋለን። መስከረም ሲመጣ የጊፋታ በዓል ቤተሰብን ይሰበስባል። አያቶቻችሁን ቁጭ አድርጋችሁ ጠይቁ፤ ቆሞአችንን፣ ከማላ ወይም ከዶጋላ መሆናችንን፣ ከእናንተ በላይ ያሉትን ስሞች እስከምታውቁት ድረስ፣ ዳና ወይም ሌላ ማዕረግ የነበረው ሰው እንደነበረ ንገሩን በሏቸው። የእናታችሁን ቆሞም አትርሱ። የነገሯችሁን በደብተር ጻፉ፤ ቀኑንና የነገራችሁን ሰው ስምም ከሥሩ አስፍሩ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)